ከምላስ ሥር ያለችው ክር

እህቴ በወለደች በአሥራ ሰባተኛው ቀን አንዲት ዶክተር የማሙሽን ምላስ በሁለት ጣቷ ወደ ላይ አነሳችና ከሥሩ ያለችውን ክር የመሰለች ነገር በመቀስ ቆረጠቻት። ነገሩ ተጀምሮ እስኪያልቅ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። የወጣው ደም ሁለት ሦስት ጠብታ ቢሆን ነው። ማሙሽ ጮኸ፣ እህቴ ወዲያው አጎረሰችው፣ ዝም አለ። በቃ።

እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት "አይቆረጥም" ብዬ ቤቱን ሁሉ ስከራከር የከረምኩት ሰው እኔ ነኝ። ክርክሬን ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም፤ ግን ያሸነፍኩም አይመስለኝም። መናገር በማይችል ሰው አካል ላይ የምንወስነው ውሳኔ መቼ ነው ትክክል የሚሆነው? ይቺ ጥያቄ ከዚያ ኮሪደር ጀምሮ አብራኝ ትዞራለች፤ ስለዚህ ልጽፋት ተቀመጥኩ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ሐኪም አይደለሁም። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ የተመረቅኩትም በኢንጂነሪንግ ነው። እዚህ የምታነቡት አንድ አጎት ማንበብ ከቻለውና ካየው ያወጣው ሐሳብ ነው። አራስ ልጅ ያላችሁ ካላችሁ ልጁን የሚያየው ሐኪም ነው፣ እኔ አይደለሁም።

*

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንይ። የስልካችሁን ካሜራ ክፈቱና ምላሳችሁን ወደ ላንቃችሁ አንሱት። መሃል ላይ፣ ከምላሳችሁ ሥር ወደ አፋችሁ ወለል የምትወርድ ቀጭን ነገር ታያላችሁ። ሁላችንም አለችን። በሕክምና ስሟ ፍሬኑለም ይባላል። ለረጅም ጊዜ ሰው እንደ ክር ወይም እንደ ገመድ ያስባት ነበር። በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ አንድ የአናቶሚ ጥናት ግን ራሷን የቻለች ገመድ እንዳልሆነች አሳየ። የአፋችን ወለል ስስ ሽፋን ምላሳችን ሲነሳ አብሮ ተስቦ የሚሠራው እጥፋት ናት። ብርድ ልብስ መሃሉን ይዛችሁ ስታነሱት የሚፈጠረውን እጥፋት አስቡ፤ እንደዚያ።

በአንዳንድ ሕፃናት ላይ ይቺ እጥፋት አጭር፣ ወፍራም ወይም ወደ ምላሱ ጫፍ የተጠጋች ትሆናለች። ያኔ ምላሱ እንደልቡ አይወጣም፣ አይነሳም። ሕፃኑ ሲያለቅስ የምላሱ ጫፍ ወደ ውስጥ ተስቦ የልብ ቅርጽ ሊሠራ ይችላል። ምላሱ የታሰረ ልጅ የምንለው ይሄ ነው። የተለያዩ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ከመቶ ሕፃናት ስምንቱ ገደማ ይኖራቸዋል፤ በወንዶች ላይ ይበዛል። ቁጥሩ ግን ማን እንዳየውና በምን መለኪያ እንዳየው በጣም ይለዋወጣል። ይሄን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ለምን ያስጨንቃል? ምክንያቱም ጡት መጥባት ከውጭ እንደሚታየው ቀላል አይደለም። ሕፃኑ ምላሱን ከታችኛው ድዱ አሳልፎ ማውጣት፣ ጡቱን እንደ ማንኪያ ከሥር ማቀፍ፣ ከዚያ የምላሱን መሃል ዝቅ አድርጎ አፉ ውስጥ አየር የሌለው ክፍተት መፍጠር አለበት። ወተቱን የሚስበው ያ ክፍተት ነው። ምላሱ መድረስ ካልቻለ ድዱ የጡቱን ጫፍ ያኝካል። እናት ትቆስላለች። ልጁ ለአንድ ሰዓት ይጠባል፣ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማል፣ ደክሞት ይተኛል፣ ሳይጠግብ ይነቃል።

እህቴ ቤት የሆነው ይሄ ነበር። ልጁ ሲወለድ 3 ኪሎ ከ200 ነበር። በአራተኛው ቀን 2 ኪሎ ከ950 ሆነ። ይሄ ብቻውን አያስደነግጥም፤ አዲስ የተወለደ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ7 እስከ 10 በመቶ የሚሆን ክብደት ሊቀንስ ይችላል፤ ዋናው ነገር በ10 እና በ14 ቀናት መካከል ወደ ተወለደበት ክብደት መመለሱ ነው። የእህቴ ጡት ጫፍ ግን በሳምንቱ ተሰንጥቆ ይደማ ነበር። ልጁ አፉን ሲከፍት እሷ የአልጋውን ጠርዝ ትጨብጣለች። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሊላት የሚመጣው ሰው ገንፎውን በልቶ፣ "ያው መጀመሪያ ላይ ሁሉም ያማል" ብሎ ይሄዳል።

*

በአራስ ቤት ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። በኛ ቤት ሦስት ሐኪሞች ነበሩ።

አንደኛዋ ቨርጂኒያ ያለችው አክስታችን ናት። በቪዲዮ ማሙሽ አፉን ከፍቶ ሲያለቅስ እንዳየች "ምላሱ ታስሯል! ከንፈሩም ታስሯል! ቶሎ አስቆርጡት" አለች። የሷ ሁለቱም ልጆች በሌዘር ተቆርጠዋል፤ ምላሳቸውም፣ የላይኛው ከንፈራቸውን ከድድ ጋር የሚያያይዘው ነገርም። ገንዘቡን ከኪሷ ነው የከፈለችው። ከዚያ በኋላ ቁስሉ ተመልሶ እንዳይያያዝ በቀን ብዙ ጊዜ ጣቷን አስገብታ እንድታሽ ተነግሯት ነበር። ትንሹ ልጇ ለሳምንታት ጣቷን ሲያይ ይጮህ እንደነበር የነገረችን እንደ ቀልድ ነው።

ሁለተኛዋ ጎረቤታችን እማማ ናቸው። ልጁን በመስኮቱ ብርሃን አገላብጠው አዩና "እንጥሉ ወርዷል፤ ሰው አውቃለሁ" አሉ። ማን እንደሆነ አልጠየቅንም።

ሦስተኛው እኔ ነበርኩ። ላፕቶፔን ከፍቼ ጥናት ማንበብ ጀመርኩ። በዚያው ላይ የኤክሴል ሠንጠረዥ ሠራሁ፦ በስንት ሰዓት ጠባ፣ ስንት ደቂቃ፣ ስንት ዳይፐር ቀየረ። እህቴን በየሦስት ሰዓቱ እየጠየቅኩ እሞላለሁ። በስድስተኛው ቀን ሌሊት "ስንት ደቂቃ ጠባ?" ስላት ቀና ብላ አየችኝና "ወንድሜ፣ ይሄ ሠንጠረዥህ ጡት የለውም" አለችኝ። ያኔ ሳቅኩ። አሁን ሳስበው በዚያ ሳምንት ከሰማሁት ሁሉ ትክክለኛው አረፍተ ነገር እሱ ነበር።

*

ያገኘሁትን ግን ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም እውነት ነው።

በአሜሪካ ሆስፒታሎች መዝገብ ላይ በ1997 ምላሳቸው ታስሯል የተባሉ ሕፃናት 3,934 ነበሩ። በ2012 ቁጥሩ 32,837 ደረሰ። የተቆረጡት ደግሞ ከ1,279 ወደ 12,406 አደጉ። በ15 ዓመት ውስጥ የሰው ልጅ ምላስ አልተለወጠም። የተለወጠው የሚያየው ዓይን ነው።

ይሄን ግራፍ በሁለት መንገድ ማንበብ ይቻላል። አንዱ፣ "በፊት ችላ ይባል የነበረ ነገር አሁን መታየት ጀመረ" የሚለው ነው። እውነትነት አለው፤ የዱቄት ወተት በገነነበት ዘመን ሐኪሞች የሕፃን ምላስ ማየቱን ትተውት ነበር፤ በጡጦ የሚጠጣ ልጅ ምላሱ ቢታሰርም ያን ያህል አይቸገርም። ጡት ማጥባት ሲመለስ ችግሩም አብሮ ተመለሰ። ሌላው ንባብ፣ "ስም ያለው ነገር ሁሉ በሽታ መሰለን" የሚለው ነው። ለዚህም ማስረጃ አለ። በ2019 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ላይ እንዲቆረጡ የተላኩ 115 ሕፃናት መጀመሪያ የአጠባብ ምርመራ ተደረገላቸው፤ በዚያ ብቻ 62.6 በመቶ የሚሆኑት ሳይቆረጡ ቀሩ። የላይኛው ከንፈር ነገርማ ይብሳል፤ ያቺ እጥፋት አዲስ በተወለዱ ልጆች ሁሉ ላይ ማለት ይቻላል የምትገኝ ናት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2024 ባወጣው ሪፖርት ጡት ማጥባትን ለማሻሻል ብሎ ከንፈር መቁረጥን አልደገፈም፤ ሌዘር ከመቀስ እንደሚሻል የሚያሳይ ማስረጃም፣ ከቆረጡ በኋላ ማሸት እንደሚጠቅም የሚያሳይ ማስረጃም እንደሌለ ጽፏል። ምላሳቸው ከታሰረ ሕፃናት መካከልም በመጥባት የሚቸገሩት ከግማሽ በታች ናቸው ይላል።

በሥራዬ ይሄን ዓይነት ነገር አውቀዋለሁ። አንድ የክትትል ሲስተም ላይ የማስጠንቀቂያውን መጠን ዝቅ ካደረጋችሁት ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃል፤ ከሚጮኸው አብዛኛው ደግሞ ምንም አይደለም። የሚጮኸውን ሁሉ ተነስታችሁ "ካስተካከላችሁ" ያልተበላሸውን ታበላሻላችሁ። ሠርቶ የማያውቅ ኮድ ካደረሰብኝ ችግር ይልቅ ደህና ይሠራ የነበረውን ልነካካው ስል ያመጣሁት ይበልጣል። "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" የሚለው ተረት ለፕሮግራመር የተተረተ ይመስለኛል።

እናም አቋሜ ይሄ ነበር፦ ማስረጃው ስስ ነው፣ ልጁ እሺ ማለት አይችልም፣ ስለዚህ አይነካም። ንጹሕ ክርክር ነው። ለእህቴ በዝርዝር አስረዳኋት። እሷ ጡቷ ላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ ይዛ ሰማችኝ።

*

በአሥረኛው ቀን ዶክተሯ ጋ ሄድን። ልጁ 3 ኪሎ ከ40 ነበር። ስልኬ ላይ ያነሳሁትን የምላሱን ፎቶ ላሳያት ስል በእጇ መለሰችኝና እህቴን "እስኪ አጥቢው" አለቻት። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አርባ ደቂቃ ያህል ዝም ብላ አየች። እኔ በአሥር ቀን ያነበብኩት ጥናት ሁሉ ተደምሮ ያንን አርባ ደቂቃ አያክልም።

ሲጨርስ አፉን በጣቷ መረመረች። አራት ነገሮችን የሚያይ መለኪያ እንዳለ ነገረችን፤ ብሪስቶል ይባላል። የምላሱ ጫፍ ቅርጽ፣ ክሯ የታችኛው ድድ ላይ የተያያዘችበት ቦታ፣ ምላሱ ምን ያህል እንደሚነሳ፣ ምን ያህል እንደሚወጣ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጣል፤ ድምሩ 8 ነው። ከ3 በታች ወይም 3 ከሆነ ምላሱ በጣም እንደተገደበ ይጠቁማል። ማሙሽ 4 አገኘ።

አራት! እኔ እንደ ኢንጂነር አዎ ወይም አይ የሚል መልስ ነበር የፈለግኩት። የተሰጠን መሃሉ ነው።

"ቁጥሩ ብቻውን አያስቆርጥም፤ ብቻውንም አያስቀርም" አለች ዶክተሯ። እህቴን ወደ ኋላ ጋደም አድርጋ፣ የልጁን ሆድ ከሆዷ አገናኝታ፣ አፍንጫውን ከጡቷ ጫፍ ትይዩ አድርጋ፣ መጀመሪያ አገጩ እንዲነካ አሳየቻት። አፉን በሰፊው እስኪከፍት መጠበቅ እንዳለባት ነገረቻት። ከዚያ በሦስት ቀን ተመለሱ አለችን።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን 3 ኪሎ ከ150 ሆነ። በአሥራ ስድስተኛው 3 ኪሎ ከ250። አንድ አራስ ልጅ በዚህ ዕድሜው በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ከጨመረ ጥሩ ነው፤ ማሙሽ ከዚያ በላይ ይጨምር ነበር። እኔ በደስታ ሠንጠረዡን ይዤ ለሁሉም አሳየሁ። "አያችሁ? ልጁ ሰላም ነው። የሚቆረጥበት ምክንያት የለም።"

እህቴ ግን አሁንም ትደማ ነበር።

*

የሞራሉ ጥያቄ ራሱን ገልጦ የመጣው እዚህ ጋ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የምከራከረው ስለ ማስረጃ ነበር። አሁን ልጁ እያደገ ነው። የምትታመመው እናቱ ናት። የሱን አካል ቆርጠን የሷን ሕመም እናስታግስ?

የሚገርመው፣ ጥናቶቹ ራሳቸው የሚሉት ይሄንኑ ነው። በ2017 የወጣው የኮክሬን ግምገማ በአምስት ሙከራዎች ውስጥ የነበሩ 302 ሕፃናትን አንድ ላይ አይቶ ነበር። መቁረጡ በአጭር ጊዜ ውስጥ የእናትን የጡት ጫፍ ሕመም ይቀንሳል አለ። የሕፃኑ አጠባብ መሻሻሉ ላይ ግን ወጥ የሆነ ውጤት አላገኘም። በደንብ የተረጋገጠው ጥቅም የእናት ነው፤ የሚቆረጠው ልጅ ነው።

ይሄን ሳነብ ክርክሩ ያበቃ መሰለኝ። ሰውን ለሌላ ሰው ጥቅም መሣሪያ ማድረግ አይገባም፤ ያውም ገና አፍ ያልፈታን ሰው። ለእህቴ ይሄንኑ፣ ለስለስ አድርጌ፣ ነገርኳት።

"አንተ" አለችኝ፣ "እኔንና እሱን ለሁለት ቆርጠህ ነው የምታስበው። እኔ ነገ ካቆምኩ እሱ ምን ሊጠጣ ነው? የጣሳውን ዋጋ ታውቃለህ? ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ታውቃለህ? ደግሞ ሲያለቅስ የምፈራው ልጄን ነው። ልጄን እየፈራሁ ነው የማሳድገው?"

መልስ አልነበረኝም። ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ፤ የበለጠ የሚያሳፍር። ከዚያ በፊት በስምንተኛው ቀን ማሙሽ ተገርዟል። እኔ ራሴ ነኝ መኪና ፈልጌ የወሰድኳቸው። አንድም ጥናት አልከፈትኩም። "እሺ ብሏል ወይ?" ብዬ አልጠየቅኩም። ሠንጠረዤ ላይ ያ ቀን የሚለው "ከ4 እስከ 5 ሰዓት አልጠባም" ብቻ ነው። ባህሌ ስለሆነ፣ ሁላችንም ስለሆንነው፣ እንደ ውሳኔ አልታየኝም። ዶክተሯ እንኳ በኋላ ምላሱን ልትቆርጥ ስትል የጠየቀችው "ሲገረዝ ደሙ ቶሎ ቆመ ወይ? ሲወለድ የቫይታሚን ኬ መርፌ ተወግቷል?" ብላ ነው። እኔ መርሕ ብዬ የያዝኩት ነገር የሚሠራው ላልለመድኩት ነገር ብቻ ነበር ማለት ነው።

ይሄ ማለት መርሑ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ግን ሰው መርሑን የት የት እንደሚያወጣና የት የት ኪሱ ውስጥ እንደሚተወው ካላየ፣ መርሕ ያለው ሳይሆን ልማድ ያለው ሰው ነው። እኔ ያን ሳምንት ልማድ ነበረኝ።

*

እማማ ወደ ጠቆሙን ነገር ልመለስ። በአገራችን እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ስንት ልጅ እንደጎዳ የሚያውቅ ያውቃል፤ ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን፣ ቴታነስ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ብሎ በስም ከጠራቸው መካከል ሁለቱም አሉ። ያስቆረጡት ወላጆች ግን ክፉዎች አልነበሩም። ልጃቸው አልጠባ ሲል፣ ሲያስመልሰው፣ ሲያስለው አይተው ነው የሄዱት። የሚሉትም እኛ የምንለውን ነው፦ "ትንሽ ነገር ናት፣ ቶሎ ያልቃል፣ ለራሱ ብለን ነው።"

ታዲያ ዶክተሯን ከቆራጩ የሚለያት ምንድን ነው? መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ ነጭ ካፖርቷና የጸዳው መቀስ ነበር። እነሱ ትልቅ ነገር ናቸው፤ ሕይወት ያተርፋሉ። ግን የአክስቴ ልጆችን ከንፈር የቆረጠውም ሰው ነጭ ካፖርት ለብሶ ነበር፤ መሣሪያውም ከመቀሱ የረቀቀ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ሌላ ቦታም መኖር አለበት።

ለኔ የታየኝ ይሄ ነው። ዶክተሯ ከመቁረጧ በፊት የማይቆርጠውን ነገር ሞከረች። "ይሄ ካልሆነ አልቆርጥም" የምትልበት ሁኔታ ነበራት፤ ማለትም ሐሳቧን ሊያስቀይር የሚችል ነገር በዓለም ላይ ነበር። ከቆረጠች በኋላም ተመለሱ ብላ ልታይ ፈለገች። እንጥል ቆራጩ ጋ ሄዶ "ያንተ ልጅ እንጥሉ ደህና ነው፣ ወደ ቤትህ ሂድ" የተባለ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ሁሉም ልጅ የሚቆረጥበት ቤት ውስጥ ምርመራ የለም፣ መቁረጥ ብቻ ነው ያለው። ቤቱ ጭቃ ይሁን መስታወት ለውጥ የለውም።

ማወቅም ከባድ መሆኑን ልደብቃችሁ አልፈልግም። በእንግሊዝ አገር አንድ ትልቅ ሙከራ 870 ሕፃናትን መዝግቦ፣ ግማሹን ቆርጦ፣ ግማሹን በአጠባብ ድጋፍ ብቻ ሊያይ አቅዶ ነበር። ያገኘው 169 ብቻ ነው። ሳይቆረጡ እንዲቆዩ ዕጣ ከወጣላቸው መካከል ደግሞ ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ሦስት ወር ሳይሞላቸው ተቆርጠዋል። በመጨረሻ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልታየም፤ ግን አብዛኛው ሰው ተቆርጦ እያለ ምን ልዩነት ሊታይ ይችላል? ሳነበው መጀመሪያ ተናደድኩ፤ እንዴት ትንሽ አይታገሡም ብዬ። ቆይቼ ደግሞ የእህቴ እጅ አልጋውን ሲጨብጥ ታየኝ። የሚደማ ሰው ለሳይንስ ብሎ አይጠብቅም።

*

የቀረችኝ እማዬ ናት።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ማታ፣ እህቴ ልጁን ይዛ ስትተኛ፣ እኔና እማዬ ሳሎን ቀረን። እኔ አሁንም ስለ ማስረጃ እያወራሁ ነበር። እማዬ ዝም ብላ ሰማችኝና "እስኪ ምላስህን አውጣ" አለችኝ።

አወጣሁ።

"አየህ፣ አይወጣም። ከንፈርህ ላይ ነው የሚቆመው።"

ወደ መታጠቢያ ቤት ሄጄ በመስታወት አየሁት። ጫፉ መሃል ላይ ጎድጎድ ብሏል። ልብ ይመስላል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አፌ ውስጥ ይዤው ዞሬያለሁ። እናገራለሁ፣ እበላለሁ፣ በእንግሊዝኛ ኢንተርቪው አልፌበታለሁ። አንድም ቀን ከልክሎኝ አያውቅም። "ይኸው! ሳልቆረጥ ምን ሆንኩ?" ልላት ተመለስኩ።

ተቀምጣ ቀሚሷን በጣቶቿ ታጥፋለች። "አንተን ያጠባሁህ ሃያ ሁለት ቀን ነው" አለች። "እህትህን ሁለት ዓመት። አንተን ሃያ ሁለት ቀን። ጡቷ መርዝ ሆኖበት ነው አሉ፤ እሷ ሰንፋ ነው አሉ። አያትህ በላም ወተት አሳደጉህ። እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት የኔ ጥፋት ነው የሚመስለኝ።"

እኔ ምንም አልሆንኩም፤ እውነት ነው። የሆነችው እሷ ናት። የእኔ ሠንጠረዥ ውስጥ የእሷ ሃያ ስምንት ዓመት የሚሞላበት ረድፍ አልነበረም።

ሲተረት "ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም" ይባላል። ስለ ማታለቅስ እናት የተተረተ ግን አላውቅም። እኔ "መናገር ለማይችለው እየተከራከርኩ ነው" ብዬ ሳስብ፣ ክፍሉ ውስጥ መናገር የማይችለው ማሙሽ ብቻ አልነበረም። እሱማ ቢያንስ ያለቅስ ነበር።

*

በማግስቱ ተቆረጠ። እህቴ ናት የወሰነችው፤ ከባሏ ጋር። እኔ ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ።

በአራተኛው ቀን ሕመሙ በጣም ቀነሰ። በሁለተኛው ሳምንት ጠፋ። አሁን ማሙሽ አምስት ወሩ ነው፣ እስካሁን ጡት ብቻ ነው የሚጠባው። መቁረጡ ነው የረዳት? ወይስ ቁስሉ ሊድን ሲል ነበር? ወይስ አያያዙን በደንብ ስለለመደችው ነው? አላውቅም፤ ማንም ሊያውቅ አይችልም። አንድ ማሙሽ ነው ያለን፤ ሳይቆረጥ የቀረ ሌላ ማሙሽ የለንም። ኮድ ቢሆን ወደ በፊቱ መልሼ ደግሜ አስኬደው ነበር። ልጅ አንዴ ነው የሚኬደው።

ስለዚህ "መቼ ነው ትክክል የሚሆነው?" ላልኩት ጥያቄ ያለኝ መልስ ሕግ አይደለም። ለራሴ የማደርጋት አንዲት ፈተና ናት። ማሙሽ አንድ ቀን ምላሱን በመስታወት አይቶ፣ ወይም ይሄን ጽሑፍ አግኝቶ፣ "ለምን ቆረጣችሁኝ?" ቢለኝ ዓይኑን እያየሁ ልመልስለት እችላለሁ? "መጀመሪያ አየንህ። ያልተቆረጠውን መንገድ ሞከርን። እናትህ ታማ ነበር። ጉዳቱ ትንሽ መሆኑን አጣርተን ነው።" ይሄን ማለት እችላለሁ። ስለ ግርዛቱ ቢጠይቀኝ ያለኝ መልስ ከዚህ ያንሳል፤ ስለ ላይኛው ከንፈሩ ቢጠይቀኝ አልነካነውም እለዋለሁ።

ፈተናዋ ግን ሁለት ጎን አላት፤ እኔ ያን ሳምንት አንዱን ብቻ ነበር የያዝኩት። ሌላው ልጅ "ለምን ተዋችሁኝ?" ብሎ ሊጠይቅም ይችላል። አለመንካትም ውሳኔ ነው፤ እሱም መልስ ይፈልጋል። "ማስረጃው ስስ ነበር" የሚለው መልስ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እናቱ ለሃያ ስምንት ዓመት ቀሚሷን ስታጥፍ ላየ ልጅ ግን አይበቃም።

ያን ቀን ማታ ለእማዬ የልብ ቅርጽ ስላለው ምላስ፣ ስለ ድዱና ስለ ጡቱ ጫፍ፣ ስለ አየሩ ክፍተት ሁሉንም በሥዕል አስረዳኋት። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ያዘችው።

"ታዲያ ያኔ ይሄን የሚያውቅ ሰው አልነበረም?" አለችኝ።

"ነበር እማዬ" አልኳት። "አንቺ ጋ አልደረሰም እንጂ።"

ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።